የሰርተፍኬትና የምረቃ መጽሔት ቅንብሮችን በስም ዝርዝር ወደሚሞሉ ቴምፕሌቶች ስለ መለወጥ

ጦሳ ግርጌ፣ ደሴ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በደሴ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ ማተሚያ ቤት የዲዛይን ክፍሉን አስተባብራለሁ። ሥራችን በአብዛኛው የምረቃ ሰርተፍኬት፣ የተማሪና የሠራተኛ መታወቂያ፣ የሰርግ መጥሪያ ካርድ፣ እንዲሁም በሰኔና በሐምሌ የሚደራረብብን የምረቃ መጽሔት ነው። ባለፉት ዓመታት የተዘጋጁት የገጽ ቅንብሮች በሙሉ በእጃችን ይገኛሉ፤ የጥንቶቹ በፔጅሜከር፣ ካርዶቹ በኮረልድሮው፣ የቅርብ ጊዜዎቹ ደግሞ በኢንዲዛይን የተሠሩ ናቸው። ደንበኞቻችን የለመዷቸውና ወደው የሚያዝዟቸው ስለሆኑ መልካቸውን መቀየር አንፈልግም። የሚያደክመን አሞላላቸው ነው። ኮሌጁ የተመራቂዎቹን ስም ዝርዝር በኤክሴል ይልክልናል፤ እኛ ደግሞ እያንዳንዱን ስም ከዝርዝሩ እየቀዳን ቅንብሩ ላይ እንለጥፋለን፣ ፎቶውን እንፈልጋለን፣ የፊደሉን መጠን እናስተካክላለን። እንዲህ ሲሠራ የአንዱ ስም ከሌላው ፎቶ ጋር እንዳይዛነቅ መጠበቅ ከባድ ነው፤ ቤተሰብ ለምረቃ ቀን ተሰብስቦ ሰርተፍኬቱ ላይ የተዛባ ስም ሲያይ የሚሰማውን ሐዘን በሙያው ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ቅንብሮቹን ዝርዝሩ ሲገባላቸው በራሳቸው ወደሚሞሉ ቴምፕሌቶች ለመለወጥ ወስነናል። ምክራችሁን የምሻው በሁለት ጉዳይ ነው። የቆዩትን ፋይሎች ከፍቶ መለወጥ ይሻላል ወይስ እንደ አዲስ መሥራት? የፔጅሜከሮቹ ጽሑፍ በቪዥዋል ግዕዝ (በቆየ የአማርኛ መተየቢያ ፎንት) የተተየበ ስለሆነ በአዲሶቹ ኮምፒውተሮቻችን ላይ የሚታየው የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ በኢንዲዛይን ዳታ መርጅ (ዝርዝርን ከቅንብር ጋር አዋህዶ በሚሞላው መሣሪያ) ለመጠቀም ዝርዝሩን ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የሚለዩበት የጽሑፍ ፋይል) አድርገን ስናስገባ አማርኛው በሙሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል፤ ፎንት ብንቀያይርም ለውጥ የለም።

ቦርከና ማዶ፣ ኮምቦልቻ

ጤና ይስጥልኝ። በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው፤ የቆየውን ፋይል ከመለወጥ ይልቅ የቆየውን መልክ በአዲስ ፋይል ላይ እንደገና ማቆም ይሻላል። ፔጅሜከር እ.ኤ.አ. በ1985 በአልደስ ኩባንያ የወጣና በ1994 አልደስ ወደ አዶቢ ከተጠቃለለ በኋላ በ2001 በወጣው 7.0 ቅጂ ዕድገቱ ያበቃ ፕሮግራም ነው። ኢንዲዛይን እስከ ሲኤስ6 ቅጂው ድረስ የፔጅሜከር 6.0ንና ከዚያ ወዲህ ያሉትን ፋይሎች ይከፍት ነበር፤ ስለዚህ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሲኤስ6 ካላችሁ ፋይሎቹ ሊከፈቱላችሁ ይችላሉ። ሆኖም ተከፍተውም ቴምፕሌት አይሆኑም። በእጅ በተሠራ ቅንብር ውስጥ ስሙ መሃል ላይ የተቀመጠው መሃል እንዲውል ስለታዘዘ ሳይሆን ሠራተኛው የባዶ ቦታ ቁልፉን እየመታ መሃል ስላደረሰው ነው። ያ ስም ተነሥቶ ሌላ ሲገባ መሃልነቱ አብሮ ይጠፋል። የፊደሉ መጠን፣ የመስመሩ ክፍተት፣ ከማኅተሙ ቦታ ያለው ርቀት፣ ሁሉም እንዲሁ በዓይን ተለክቶ ለአንድ ስም ብቻ የተወሰነ ነው።

እኔ የምሠራበት መንገድ የሚከተለው ነው። የቆየውን ቅንብር ወደ ፒዲኤፍ ኤክስፖርት አድርጌ በአዲስ የኢንዲዛይን ፋይል የታችኛው ሌየር (ንብርብር) ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ሌየሩን እቆልፈዋለሁ፣ እንዳይታተምም አደርገዋለሁ። ከዚያ በላዩ ላይ ፍሬሞቹን (ጽሑፍና ፎቶ የሚገቡባቸውን ሳጥኖች) እየለካሁ አዲሱን እሠራለሁ። ፓራግራፍ ስታይል (አስቀድሞ የተወሰነ የጽሑፍ መልክ) ያልተሰጠው አንድም መስመር አይቀርም፤ ቴምፕሌት ውስጥ በእጅ የተለወጠ ነገር ሁሉ ዝርዝሩ ሲገባ ችግር ሆኖ ይወጣል። ሰርተፍኬት ላይ ያለው ቋሚ ጽሑፍ ጥቂት መስመር ስለሆነ ከቪዥዋል ግዕዝ ለመለወጥ መድከም አያስፈልግም፤ በዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ኮድ በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ፎንት እንደገና መተየብ ይቀላል። መለወጫ ፕሮግራም የሚያስፈልገው ለመጽሔቱ ረጃጅም ጽሑፎች ነው፤ እርሱም ቢሆን ከተለወጠ በኋላ በሰው ዓይን መነበብ አለበት። ፎንት ስትመርጡ ደግሞ እውነተኛ ደማቅ ቅርጽ ያለው መሆኑን አረጋግጡ። ኒያላ ደማቅ ቅርጽ የለውም፣ ኢንዲዛይን ደግሞ እንደ ዎርድ ፊደልን በራሱ አያደምቅም። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ግን ከቀጭን እስከ ደማቅ በርካታ ቅርጾች አሉት።

ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ይመጣል። በገጹ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ነገር እያነሣችሁ የማይለወጥ ነው፣ የሚለወጥ ነው፣ ወይስ አንዳንዴ ብቻ የሚኖር ነው ብላችሁ ጠይቁ። የማይለወጠው ማስተር ፔጁ (ለሁሉም ገጽ መነሻ የሚሆነው ገጽ) ላይ ይቀመጥ። የሚለወጠው ከዝርዝሩ ዓምድ ጋር ይያያዝ። አስቸጋሪው ሦስተኛው ነው፤ በማዕረግ የተመረቀ ተማሪ የሚጨመርለት መስመር፣ ፎቶ ያላቀረበ ተመራቂ፣ የመጨረሻ ቃሉን (በመጽሔቱ ከፎቶው ሥር የሚወጣውን የስንብት ጽሑፍ) ያልጻፈ ተመራቂ። እስከ ዛሬ እነዚህን የምትወስኑት ፊት ለፊታችሁ ስታዩዋቸው ነው፤ ከአሁን በኋላ ግን ማንም ከማየቱ በፊት ውሳኔው ተጽፎ መገኘት አለበት።

በአማርኛ ደግሞ የጾታ ጉዳይ አለ። በብዙ ሰርተፍኬቶቻችን ላይ «ትምህርቱን/ትምህርቷን በሚገባ ስላጠናቀቀ/ች» የሚል ቃል በእዝባር ተከፍሎ ይታተማል። ይህ በእጅ ለመሙላት ለሚመች ባዶ ቅጽ የተፈጠረ አጻጻፍ ነው፤ የሰውየው ማንነት በዝርዝሩ ውስጥ እየታወቀ አንዲትን ልጅ በገዛ ሰርተፍኬቷ ላይ ከእዝባር ጀርባ ማስቀመጥ ተገቢ አይመስለኝም። ዳታ መርጅ በራሱ ሁኔታን አይቶ ቃል የሚመርጥበት መንገድ ስለሌለው ምርጫው ኤክሴል ውስጥ ማለቅ አለበት። ጾታ የሚል ዓምድ ካለ በኤክሴል የሁኔታ ቀመር «ስላጠናቀቀ» ወይም «ስላጠናቀቀች» የሚለውን በሌላ ዓምድ ማውጣትና ያንኑ ዓምድ ከቅንብሩ ጋር ማያያዝ ነው። ኮሌጁ ከተስማማ ደግሞ «ስላጠናቀቁ» የሚለው የአክብሮት አነጋገር ለሁለቱም ያገለግላል፣ ለሰርተፍኬትም ክብር ይመጥናል። ምርጫው ግን የኮሌጁ ስለሆነ ሳትጠይቁ አትለውጡ።

ኑሪያ ከሆጤ

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምሠራው ከዝርዝሩ በኩል ስለሆነ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ልመልስ።

አማርኛ በትክክል ሳይታይ ሲቀር በምትኩ የሚታየው ነገር ምክንያቱን ይናገራል። ጥያቄ ምልክት ካዩ ፊደሉ ፋይሉ በተቀመጠበት ሰዓት ጠፍቷል። ኤክሴል በተለመደው ሲኤስቪ ሲያስቀምጥ የዊንዶውሱን የላቲን ኮድ ሰንጠረዥ ስለሚከተል፣ በሰንጠረዡ ውስጥ የሌለውን የግዕዝ ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል፤ ከዚያ በኋላ ፎንት መቀያየር የሚመልሰው ነገር የለም። ባዶ ሳጥን ካዩ ግን ፊደሉ በቦታው አለ፣ የጎደለው ፎንቱ ነው። የላቲን ዝብርቅርቅ ካዩ ደግሞ ጽሑፉ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቹ አሠራር የተተየበ ነው፤ እነዚያ ፎንቶች የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር ፎንቱ ሲነሣ ከሥሩ ላቲኑ ይወጣል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ቅጂ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ፋይል ይህ ችግር ቢኖርበት አይደንቅም።

እናንተ ያያችሁት የመጀመሪያውን ነው። መፍትሔውም ዋናውን የኤክሴል ፋይል ከፍታችሁ በሲኤስቪ ፋንታ ዩኒኮድ ቴክስት በሚለው ዓይነት ማስቀመጥ ነው። ይህ ዓይነት ዓምዶቹን በታብ የሚለይ የዩቲኤፍ-16 ፋይል ያወጣል፣ ዳታ መርጅም አማርኛውን ሳያበላሽ ይቀበለዋል። ፋይሉን ስትመርጡ የማስገቢያ አማራጮችን አሳይ የሚለውን ምልክት አድርጋችሁ ዩኒኮድ መመረጡን ተመልከቱ።

ነገር ግን ዝርዝሩ ራሱ ካልተስተካከለ ፊደሉ በትክክል መታየቱ ብዙ አይጠቅምም። በእኛ አገር ዝርዝር ውስጥ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም በሦስት ዓምድ መቀመጥ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ግን በአንድ ዓምድ ተጨፍልቆ ይመጣል። ኤክሴል በባዶ ቦታው እንዲከፍለው ቢታዘዝ «ገብረ እግዚአብሔር» ለሁለት ይሰነጠቃል፣ «ሰይድ ኑር» የተባለው ልጅ ኑር የአባቱ ስም ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ ክፍፍሉን ዝርዝሩን የሚያውቀው የሬጅስትራር ሠራተኛ ቢሠራው ይመረጣል። የተጣመረ ስም በሁለት መስመር እንዳይከፈል ከፈለጋችሁ በመካከሉ የማይሰበረውን ባዶ ቦታ አስገቡ።

ፎቶዎቹን በስም አትሰይሙ። በወሎ በአንድ ዓመት ተመራቂዎች መካከል መሐመድ ሰይድ የሚባሉ ከአንድ በላይ ሊገኙ ይችላሉ። ከዚህም ሌላ አንዱ ጸሐፊ ሰይድ ሲል ሌላው ሠይድ ይላል፣ አንዱ መሐመድ ሲል ሌላው መሃመድ ይላል፤ ለሰው አንድ የሆነው ስም ለኮምፒውተር ሁለት ነው። የፊደሉን ልዩነት አጥፍቶ ሁሉንም በአንድ አጻጻፍ ማስተካከል ለኮምፒውተር ይመች ይሆናል፣ ሰው ስሙን በሚጽፍበት ፊደል ላይ ግን እኛ ሥልጣን የለንም። ማገናኛው የተማሪው መለያ ቁጥር ይሁን፤ የፎቶው ፋይል ስምም ያው ቁጥር ይሁን። የቁጥሩ ዓምድ ጽሑፍ ተብሎ ይመደብ፣ አለዚያ ኤክሴል ከፊት ያሉትን ዜሮዎች ይጥላቸዋል። ፎቶ የሚጠራው ዓምድ ርእሱ በ@ ምልክት መጀመር አለበት፤ ኤክሴል ምልክቱን እንደ ቀመር ቆጥሮ እንዳይከለክላችሁ በፊቱ ነጠላ ትምህርተ ጥቅስ አድርጉበት።

የምረቃውን ቀንም እንደ ጽሑፍ አስገቡት። ኤክሴል የእኛን የዘመን አቆጣጠር ስለማያውቅ 5/11/2017 ብላችሁ የጻፋችሁትን ሐምሌ 5 መሆኑን ትቶ በአውሮፓ ቀን ይተረጉመዋል። የሁለቱን አቆጣጠር ዓመት በቀመር ለማውጣት የሚሞክሩም አሉ፤ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን አካባቢ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ስለሆነ አንድ ቁጥር በመቀነስ ብቻ አይገኝም። ቀኑ ለሁሉም ተመራቂ አንድ ስለሆነ ቋሚ ጽሑፍ አድርጎ መተየቡ ይበቃል።

ተመራቂዎች በስልክ ጽፈው የሚልኩት የመጨረሻ ቃል ደግሞ በአብዛኛው አራት ነጥብ የለውም፤ ሁለት ነጥብ ደጋግመው «፡፡» ይጽፋሉ። ከማስገባታችሁ በፊት ሁሉንም ወደ «።» ለውጡት።

ጦሳ ግርጌ፣ ደሴ

ለሁለታችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። በዩኒኮድ ቴክስት አስቀምጠን አማርኛው በትክክል ገብቷል። የእዝባሩን ነገርም ለኮሌጁ አቅርበነው በደስታ ተቀብለውታል፤ ለወንድና ለሴት የተለየ ቃል እንዲሆን መርጠዋል።

አሁን የቀረን የረጃጅም ስሞች ጉዳይ ነው። ሰርተፍኬቱ ላይ ስሙ በአንድ መስመር በትልቅ ፊደል ስለሚቀመጥ «ዓሊ ሰይድ ዑመር» ሲገባ ያምራል፣ «ወልደሚካኤል ገብረመስቀል ኃይለማርያም» ሲገባ ግን ከፍሬሙ ያልፋል። የሰርግ ካርዶቻችን ላይ ደግሞ ለሙስሊም ደንበኞቻችን በአናቱ የአረብኛ መስመር (በስመላህ) አለ፤ ኢንዲዛይን ውስጥ ስናስገባው ፊደላቱ ተለያይተው ይታያሉ። በመጨረሻም ከኮምፒውተሮቻችን ኢንዲዛይን ያለው አንዱ ብቻ ስለሆነ ሌሎቹ ላይ ምን ልንጠቀም እንደምንችል ብትነግሩን።

ቦርከና ማዶ፣ ኮምቦልቻ

ስለ ረጃጅም ስሞች። ቅንብሩን ስትሠሩ ናሙና ስሙ አበበ ከበደ አይሁን። ካለፉት ዓመታት ዝርዝሮች ውስጥ ረጅሙን ስም አውጡና ቴምፕሌቱን በእርሱ ሥሩት፤ አጭሩ ስም ሰፊ ቦታ ላይ ሲቀመጥ አያስቀይምም። ቀጥሎ የሚመጣው የፊደሉን መጠን እስከ ስንት ድረስ መቀነስ ይፈቀዳል የሚለው ነው። በእኔ አመለካከት ስሙ ከቋሚው ጽሑፍ ፊደል በግልጽ ተለቅ ብሎ መታየቱ እስካልቀረ ድረስ መቀነስ ይቻላል፤ ከዚያ በታች መውረድ ካስፈለገ የአያት ስም ወደ ሁለተኛ መስመር ይውረድ። ፊደሉን ከጎን ማጥበብ ግን በምንም ምክንያት አይፈቀድ። የላቲን ፊደል ጥቂት ቢጠብ ሊታለፍ ይችል ይሆናል፤ ጠ፣ ጨ፣ ሐ እና መሰሎቻቸው ግን እግራቸው ተጣብቆ አንዱ ከሌላው አይለይም፣ የስሙም መልክ ይበላሻል።

ይህን ዳታ መርጅ ብቻውን አይሠራውም። ቀላሉ መንገድ በኤክሴል የስሙን ፊደላት ቁጥር አስቆጥሮ ዝርዝሩን አጭር፣ መካከለኛና ረጅም ብሎ መለየትና ለእያንዳንዱ የራሱን ስታይል የያዘ ቴምፕሌት ማዘጋጀት ነው። የግዕዝ ፊደላት ስፋታቸው እኩል ስላልሆነ ቆጠራው ፍጹም አይሆንም፣ ለሰርተፍኬት ግን ይበቃል። ስክሪፕት (ፕሮግራሙን የሚያዝ ጽሑፍ) የሚጽፍ ሰው ካላችሁ ደግሞ ኢንዲዛይን በጃቫስክሪፕት ስለሚታዘዝ እያንዳንዱን የስም ፍሬም እያየ፣ ጽሑፉ ከፍሬሙ አልፎ እንደሆነ እየጠየቀ፣ እስኪገባ ወይም የተወሰነለት ዝቅተኛ መጠን ላይ እስኪደርስ ፊደሉን በትንሽ በትንሹ የሚቀንስ አጭር ስክሪፕት መጻፍ ይቻላል። ዝቅተኛው መጠን ላይ ደርሶም ያልገባውን ስም ለብቻው ዘርዝሮ ያውጣላችሁ፤ እነዚያን ሰው ያያቸዋል።

ለመጽሔቱ ደግሞ ከፎቶው ሥር ያለው የመጨረሻ ቃል ከግራ የተሰለፈ ይሁን። በጠባብ ዓምድ ግራና ቀኙን እኩል ማድረግ በአማርኛ በቃላት መካከል ሰፊ ክፍተት ይከፍታል። ለጽሑፉ የተመደበው ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆኖ እንዳይቀርም ተመልከቱ፣ በመስመር መጨረሻ ቃልን የሚከፍለውንም ምርጫ አጥፉት።

አንድ ነገር ልጨምር። የሰርተፍኬቱን ጌጥና ጠርዝ በኦፍሴት አሳትማችሁ ስሙን በሌዘር ማተሚያ የምትጨምሩ ከሆነ፣ ጌጡ ቴምፕሌቱ ውስጥ በማይታተም ሌየር ላይ ለማየት ብቻ ይቀመጥ። ወረቀት በሁለተኛው ማተሚያ ሲያልፍ ጥቂት መንሸራተቱ አይቀርምና ስሙን በጠባብ ሳጥን ወይም በቀጭን መስመር ላይ በትክክል እንዲያርፍ አድርጋችሁ አትሥሩ፤ ግራና ቀኝ አየር ይኑረው። ወርቃማ ቅብ ካለው የሌዘሩ ሙቀት ሊያነሣው ስለሚችል አስቀድማችሁ በአንድ ወረቀት ሞክሩ።

ሐይቅ ዳር

ሰላም ወገኖቼ። የአረብኛውን መስመር በተመለከተ፣ ኢንዲዛይን የአረብኛን ፊደላት አያይዞ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጽፈው በፓራግራፉ ላይ ወርልድ ሬዲ የተባለው የመስመር አቀናባሪ ሲመረጥ ነው። በእናንተ ካርድ ላይ ግን ያ መስመር በስመላህ ስለሆነና ከካርድ ወደ ካርድ ስለማይለወጥ ጽሑፍ ሆኖ መቆየቱ አስፈላጊ አይደለም። በትክክል መጻፉን በሚያነብ ሰው ካስመረመራችሁ በኋላ ወደ ቬክተር ቅርጽ (ፎንት ወደማያስፈልገው ሥዕል) ለውጣችሁ ማስተር ፔጁ ላይ አስቀምጡት፤ ከዚያ ፎንት ቢጠፋም ኮምፒውተር ቢቀየርም አይናጋም። የተቀደሰ ቃል ስለሆነ በቴምፕሌቱ አጋጣሚ እንዳይበላሽ መጠበቁ ተገቢ ነው።

በኮረልድሮው የተሠሩትን መጥሪያዎች ሁሉ ወደ ኢንዲዛይን ማዛወር ግን የግድ አይመስለኝም። ኮረልድሮው የራሱ ፕሪንት መርጅ አለው። ፎቶ የሌለበት፣ የተጠሪው ስም ብቻ የሚለወጥበት ካርድ እዚያው ባለበት ቢሞላ ጊዜ ይቆጥባል፤ ቦርከና ማዶ እንደገና መሥራት ያሉት ለሰርተፍኬቱና ለመጽሔቱ ፍጹም ትክክል ነው።

ኢንዲዛይን ለሌላቸው ኮምፒውተሮች ስክራይበስ የተባለውን የገጽ ቅንብር ፕሮግራም እመክራለሁ። ነጻ ነው፣ የ1.6 ቅጂው አረብኛንም አያይዞ ያሳያል። ስክራይበስ ጄኔሬተር የተባለ ተጨማሪ መሣሪያ አለው፤ በቅንብሩ ውስጥ የዓምዱን ስም ከፊቱ VAR_ ጨምራችሁ በፐርሰንት ምልክቶች መካከል ትጽፋላችሁ፣ መሣሪያው ከሲኤስቪው ረድፍ እያነበበ ለእያንዳንዱ ሰው ፋይል ወይም ፒዲኤፍ ያወጣል። የኢንዲዛይንን ዋና ፋይል በቀጥታ አይከፍትም፤ አይዲኤምኤል ተብሎ የተቀመጠውን ግን ማስገባት ይችላል። አይዲኤምኤል ከሲኤስ4 ጀምሮ ያለ፣ በውስጡ ገጹም ጽሑፉም ስታይሉም በተለያዩ የኤክስኤምኤል ፋይሎች ተለይቶ የታሸገ ጥቅል ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ቴምፕሌት ስትጨርሱ በአይዲኤምኤልም አስቀምጡት፤ ፕሮግራሙ ቢቀየር ሥራችሁን ይዛችሁ መውጣት ትችላላችሁ። ከሌላ ፕሮግራም የገባ ቅንብር የመስመር ክፍተቱ ሊዛነፍ ስለሚችል ከገባ በኋላ ከዋናው ጋር አስተያዩት። የፔጅሜከር ፋይሎቹን ለማየት ብቻ ከሆነም ሊብሬኦፊስ ድሮው ይከፍታቸዋል፤ ሲኤስ6 ካጣችሁ ለመለኪያ የሚሆን ፒዲኤፍ ከእርሱ ልታወጡ ትችላላችሁ።

ኑሪያ ከሆጤ

ስለ ማረጋገጡ አንድ ነገር ልበል። ዳታ መርጅ ሲያዋህድ ከፍሬም ያለፈ ጽሑፍና ያልተገኘ ፎቶ ካለ እንዲያሳውቅ የሚያደርጉ ሁለት ምርጫዎች አሉ፤ ሁለቱም ይመረጡ። የወጣው የሰርተፍኬት ፒዲኤፍ ገጾች ብዛት ከኤክሴሉ ረድፎች ብዛት (የርእሱ ረድፍ ሳይቆጠር) ጋር እኩል መሆኑን ተመልከቱ። ለኮሌጁ እንዲፈርምበት የሚላከው ደግሞ ኤክሴሉ ሳይሆን የተዋሃደው ፒዲኤፍ ይሁን፤ ሬጅስትራሩ እያንዳንዱን ስም በሰርተፍኬቱ ላይ ሆኖ ማየት አለበት፣ በሰንጠረዥ ውስጥ ዓይን የሚያልፈው ነገር ገጹ ላይ ሲሆን ይታያል። እርማት ከመጣ እርማቱ ኤክሴሉ ላይ ይሠራና እንደገና ይዋሃድ፤ የተዋሃደው ገጽ ላይ በእጅ የተስተካከለ ስም ዝርዝሩ ውስጥ እንደ ተሳሳተ ስለሚቀር ምትክ ሰርተፍኬት የተጠየቀ ዕለት ስሕተቱ ተመልሶ ይታተማል።